ካሬዎቹን አትንኩብን

ይድረስ፦ «የአከራይዋ ቤት» የተባለውን አስፈሪ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ለሠራው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለሥዕል ክፍሉ፣ ለድምፅ ክፍሉ፣ እንዲሁም ጊዜ ካላት ለአከራይዋ ለራሷ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንዎ እንዴት ነው? ስለ ዓይንዎ ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ዝቅ ሲሉ ያገኙታል፤ ለጊዜው ግን በጨዋታዎ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ፊደል አይቶ «ይህ ለሰው ይነበባል» ብሎ የፈረመ ሰው የዓይን ችግር እንደሌለበት ገምቼ፣ ያለዎት እንዲበረክትልዎ ብቻ እጸልያለሁ።

የምጽፍልዎ በቅርቡ በጨዋታው መክፈቻ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አንብቤ ነው። ማስታወቂያው «በውድ ተጫዋቾቻችን ብርቱ ጥያቄ መሠረት ያረጁትን ባለ ካሬ ሥዕሎች ሙሉ በሙሉ አንስተን ጥርት ባሉ ዘመናዊ ሥዕሎች እንተካለን፤ የቀድሞው ሥዕል ከወሩ መጨረሻ በኋላ አይገኝም» ይላል። «ውድ ተጫዋቾቻችን» ከተባሉት መካከል እኔና ወንድሜም እንዳለንበት በመረዳቴ ልቤ ሞቆልኛል፤ ጥያቄ ማቅረባችንን ግን ገና ከእናንተ መስማታችን ነው። እንዲህ ሳንናገር የሚሰማን ድርጅት በማግኘታችን ምን ያህል እንደተደነቅን ልገልጽልዎ አልችልም።

እኔ ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ካውያ ይዤ የምውል ሴት ነኝ። የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው፤ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፣ ደብዳቤው ላይም እንደዚያው ልጥራው። ወንድም ጋሼ የሱቅ ሰሌዳ ሠዓሊ ነበር። የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ የጥርስ ሐኪሙን ጥርስ፣ የጫማ ቤቱን ጫማ፣ በሰፈራችን አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ የሚያየውን ሁሉ የሣለው እሱ ነው። ኋላ ግን ዓይኑ መሃል መሃሉን ከዳው። የዓይን ሐኪሙ እንደነገረን ዳር ዳሩ ይቀራል፤ መሃሉ ግን አይመለስም። ስለዚህ ወንድም ጋሼ የሰው ፊት ሲመለከት ጆሮውን እንጂ አፍንጫውን አያገኝም፤ ቴሌቪዥኑም ለእሱ ሬዲዮ ከሆነ ቆይቷል። ብሩሾቹን አጥቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ካስገባቸው በኋላ የክፍሉን በር ዘግቶ መቀመጥ ጀመረ። ምሳ ስጠራው ይወጣል፣ ይበላል፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ከእኔ ጋር አልተጣላም፤ የሚያየው ነገር ስላልነበረ ብቻ ነው።

የእናንተ ጨዋታ ቤታችን የገባው በእህታችን ልጅ አሮጌ ታብሌት ውስጥ ነው፤ እረፍቷን እኛ ዘንድ ጨርሳ ስትሄድ ትታልን ሄደች። እኔም ከፍቼ ሳየው ሥዕሉ በሙሉ ተቆራርጦ ካሬ ካሬ ሆኖብኝ፣ ሰው ነው ያልኩት ቡኒ ጡብ፣ መብራት ነው ያልኩት ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖብኝ፣ የልጅቷን ዕቃ ያበላሸሁባት መስሎኝ ደንግጬ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሮጥኩ። ጠጋኙም አገላብጦ አየውና «ማዘር፣ ይኼ እኮ አልተበላሸም፤ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሣሉት» አለኝ። ይህንኑ ቤት መጥቼ ለወንድም ጋሼ ስነግረው፣ «ሠዓሊው ሳይጨርስ ነው የተጣላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እሱ ትንሽ ሥዕል ወደ ትልቅ ግድግዳ ሲያሳድግ መጀመሪያ በካሬ በካሬ ይከፋፍለው ነበርና፣ የናንተ ሥዕል ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የቀረ መስሎታል። ከዚያ ግን ታብሌቱን ከእጄ ተቀብሎ፣ አንገቱን ዘንበል፣ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ በዓይኑ ዳር ተመለከተውና «ይቺ ቢጫዋ ነገር ፋኖስ ናት፤ የያዘቻት ደግሞ ትንሽ ልጅ ናት፤ ፈርታለች መሰለኝ» አለ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ከሌለዎት እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ። ወንድሜ ከቤታችን ግድግዳዎች ሌላ በደንብ የሚያየው አንድ ነገር ቢኖር የእናንተ ካሬዎች ናቸው። ቀዩ ቀይ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ አንዱ ካለቀበት ሌላው ይጀምራል፤ መሃል ላይ የሚያምታታ ነገር የለም። እናንተ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ልትወስዷቸው ነው።

ወደ ቅሬታዎቻችን ከማለፌ በፊት፣ ወግ ነውና ምስጋናችንን ላስቀድም። ከሁሉ ይልቅ ስለ አከራይዋ እናመሰግናለን። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው ቤት ተከራይቼ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ኮቴዋ ሳይሰማ በር ላይ የምትገኘውን፣ ዕቃ ከቦታው ፈቀቅ ካለ የምታውቀውን፣ መብራት በርቶ ያየች እንደሆነ የምትበሳጨውን ያቺን ረጅም ሴትዮ ሳያት ከድሮ ዘመድ ጋር የተገናኘሁ ነው የመሰለኝ። ሌሎች ተጫዋቾች «እንዲህ ያለ ጭራቅ ከየት አመጣችሁ?» እያሉ ሲደነቁ አነባለሁ፤ እኔ ግን ቢጠይቁኝ የሰፈሯን ስም እነግራቸው ነበር። ስለ ዝናቡ ድምፅም እናመሰግናለን፤ ከመሳካቱ የተነሳ ሁለት ጊዜ ያህል ልብስ ላስገባ ወጥቻለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታው።

አንደኛ፤ ቁም ሣጥኑን ይመለከታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቁም ሣጥን ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣውን ነገር እዚህ አልገልጸውም፤ ገና ያልደረሱበትን ተጫዋቾች ደስታ መንጠቅ አልፈልግም። ነገር ግን ድርጅታችሁ ያንን ጩኸት ሲያዘጋጅ ተጫዋቹ ጎረቤት ሊኖረው እንደሚችል አስቦ ነበርን? እኔ በተፈጥሮዬ ድምፄ የማይሰማ ሴት ነኝ፤ ልብስ ንጽሕና ቤትም ውስጥ ደንበኞች «አለሽ እንዴ?» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ያን ዕለት ግን ከጩኸቴ የተነሣ ከታች ያለችው ፀጉር ሠሪ የደንበኛዋን ራስ በሳሙና አረፋ እንዳለ ትታ፣ ማበጠሪያዋን እንደ ጩቤ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ወንድም ጋሼ በሳቅ እየተንፈራፈረ «ምንም አይደል፣ ቁም ሣጥን ከፍተን ነው» ሲላት፣ ተራ በተራ አየችንና «እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ! ጤና ይስጣችሁ እንግዲህ» ብላ ወረደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ ውስጥ የሆነ የማስታመም ቃና አለ። ይህንን በማስታወቂያችሁ ላይ «የማይረሳ ልምድ» የምትሉት ከሆነ፣ አዎን፣ አልረሳነውም።

ሁለተኛ፤ ጨዋታው ለአፍታ የሚቆምበት ቁልፍ የለውም። አንዲት ሴት ድስት ጥዳ፣ በር ተንኳኩቶባት፣ ወይም ወንድሟ መድኃኒቱን ረስቶ እንደሆነ ልታይ ብትነሣ አከራይዋ አትጠብቃትም። መጀመሪያ ላይ በዚህ ከልብ ተቀይሜያችሁ ነበር። አሁን ግን ቅያሜዬን ያነሣሁበት ምክንያት ስላለ፣ ሁለተኛው ቅሬታ እንደተሰረዘ ይቆጠርልኝና ወደ ሦስተኛው ልለፍ።

ሦስተኛ፤ በሮቹ። በሦስተኛው ፎቅ ላይ ልጅቷ ፋኖሷን ትነጠቃለች፤ የሚቀራት መብራት መግቢያው ክፍል ውስጥ የተንጠለጠለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥታ በተከታታይ ክፍሎች አልፋ ወደ መውጫው ደረጃ መድረስ አለባት። እኛም በየክፍሉ ገባን፣ በየክፍሉም አከራይዋ መጥታ በላችን። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ተበላን። ጉዳዩ ምን መሰለዎ፣ እኔና ወንድሜ በአንዲት እናት እጅ ነው ያደግነው፤ እናታችን ደግሞ በር ሳይዘጋ ያለፈ ልጅ ስታይ «ጅራትህ ውጭ ቀረ ወይስ አገልጋይ ይከተልሃል?» የምትል ሴት ነበረች። ስለዚህ በገባንበት ክፍል ሁሉ፣ ጭራቅ እየተከተለንም እንኳ፣ ዞር ብለን በሩን ከኋላችን እንዘጋ ነበር። በዚህ ብቻ አላበቃንም። አከራይዋ የተቆጣችው በሩን ስንዘጋ ድምፅ አሰምተን ነው ብለን አሰብን። ወንድም ጋሼ «ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ፤ የሰው ቤት ነው» ይለኛል፤ እኔም ጣቴን እንደ ላባ አሳርፌ፣ ትንፋሼን ይዤ እዘጋዋለሁ፤ ሴትዮዋም እንደ ልማዷ ትመጣና በትሕትና ዘግተን በጠበቅናት ክፍል ውስጥ ትበላናለች። እንደኛ በሥነ ሥርዓት የተበላ ተጫዋች በመዝገባችሁ ላይ ካለ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

መፍትሔው የተገኘው በቅያሜዬ በኩል ነው። አንድ ምሽት ከሥራ ገብቼ እራት ጥጄ እየተጫወትን ሳለ ድስቱ ገነፈለና ታብሌቱን ለወንድም ጋሼ አስይዤ ሮጥኩ፤ የማቆሚያ ቁልፍ የለማ። በጨዋታው ውስጥ የገባንበትን ክፍል በርም ሳልዘጋው ነበር የተነሣሁት። ምድጃውን አጥፍቼ ስመለስ አልቆልናል ብዬ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ግን ታብሌቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ በዓይኑ ዳር እየተመለከተ፣ ነፃ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ አስቆመኝ። «ተዪ! እንዳትነኪው! በሩን እንዳትዘጊው! ወለሉን አየሽው? ከወዲያኛው ክፍል የገባው ብርሃን በካሬ በካሬ ወድቋል። ሴትዮዋ እዚያ ድረስ መጥታ ጫፉ ላይ ቆማለች። መግባት አልቻለችም! በሩን ክፍት ስንተው እኮ ነው መብራቱ የሚከተለን!»

እኔ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ፣ በዚያ ወለል ላይ ስንት ጊዜ ተበልቼ አላየሁትም። እሱ አየው፤ ካሬ ስለነበረ አየው። የሆነውን ለመናገር እንጂ ዓይኔን ለማማት አይደለም። ሦስተኛውን ፎቅ በሩን ሁሉ ወለል አድርገን ከፍተን፣ እንደ ባለጌ እየተንጎራደድን አለፍነው፤ ወንድም ጋሼም በየበሩ «እማ ይቅር በይን!» እያለ ሣቀ። ያንን ሣቅ ብሩሾቹን ከጠቀለለ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። እራታችንን በልተን ሲያበቃ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። ረስቶት መስሎኝ ልዘጋለት ብሄድ «ተዪው፣ መብራቱ ይግባ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ ነፋሱ መጋረጃዬን ያበላሸዋል፣ የልብስ ንጽሕና ቤቱን ወሬ ካለሁበት ሆኜ አወራዋለሁ፣ እሱም ከአልጋው ላይ ይመልስልኛል፣ የማይመለከተውንም ይጠይቀኛል። እንግዲህ የማቆሚያ ቁልፉን ስላልሠራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሥራችሁን ሳትጨርሱ ስትተዉት እንዴት ያምርባችኋል!

አራተኛ፤ ስለ ደንበኞች እርዳታ ክፍላችሁ። ማስታወቂያውን እንዳነበብኩ፣ የወንድሜን የዓይን ሁኔታ አብራርቼ፣ የቀድሞው ሥዕል ለሚፈልገው ሰው እንዲቆይ በአክብሮት ጠይቄ ጽፌ ነበር። መልሱ ከመፍጠኑ የተነሣ ሳልጨርስ የደረሰኝ ነው የመሰለኝ። «ውድ ተጫዋች፣ ችግርዎ በሚገባ ገብቶናል፤ እባክዎ መሣሪያዎን አጥፍተው መልሰው ያብሩት» ይላል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና አጥፍቼ አበራሁት። የወንድሜ ዓይን ግን እንደነበረ ነው። ይህንኑ በትሕትና ባሳውቅ፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ እንዳደርግና አገልግሎታቸውን በኮከብ እንድመዝን ጠየቁኝ። ሙሉ ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ባለማንበብ ፍጥነት የሚወዳደራቸው አላየሁም።

አምስተኛ፤ ስለ ብርቱው ጥያቄ። እኔ ፊደል ያለበት ነገር ካገኘሁ፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ወረቀትም ቢሆን፣ ሳላነብ አልጥልም፤ ስለዚህ ተጫዋቾች ከጨዋታው ሥር የጻፏቸውን አስተያየቶች ሁሉ ለወንድም ጋሼ ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ፤ ከእራት በኋላ ያለን ጥሩ መዝናኛ ነው። ሰው እንዴት ደስ ይላል! «ጨለማ ናፋቂ» የተባለው ጨዋታው ምንም እንደማያስፈራ፣ ይህን የጻፈውም ግን መብራት አብርቶ መሆኑን ይነግራችኋል። «የእናቱ ልጅ» የተባለው ከመጠን በላይ እንደሚያስፈራ፣ ሆኖም እንደማያቋርጥ ይገልጻል። አንዷ እንቆቅልሹ ይከብዳል ትላለች፤ ሌላው መልሱን በገዛ እጁ ጽፎ ካሰራጨ በኋላ በጣም ቀላል ነው ብሎ ያማርራል። ታሪኩ አጭር ነው የሚሉ አሉ፤ መጨረሻው አልገባንም የሚሉ አሉ፤ መጨረሻው የገባቸውም እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ፋኖሱን ሁሉም ይወደዋል። የአከራይዋን ኮቴ የሚጠላ አላገኘሁም። ስለ ሥዕሉ ደግሞ ብዙዎቹ «ካሬ ስለሆነ የቀረውን ራሴ እሞላዋለሁ፣ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ» ብለው ጽፈዋል፤ ይህን ሳነብ ወንድም ጋሼ ጭኑን መትቶ «ይኼ ልጅ ገብቶታል!» ብሏል።

በካሬዎቹ ላይ የተነሣው ብርቱ ጥያቄ የመጣው በአብዛኛው «ጥርት» ከተባለ አንድ ሰውና ከጓደኞቹ ነው። «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሥዕል ዓይኔን ያመኛል» ይላል። ከሥሩ አንዱ «ወንድሜ፣ የታመመው ዓይንህ ሳይሆን ትዕግሥትህ ነው» ብሎ መልሶለታል፤ እኔ ግን በሰው ዓይን አልቀልድም። ለ«ጥርት» ጥርት ያለውን ስጡት፤ ይገባዋል። እኛ የምንለው የእሱን ስትሰጡ የእኛን አትውሰዱ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፤ ስለ አዲሱ ሥዕል። ለሙከራ ብላችሁ ምድር ቤቱን በአዲሱ ሥዕል ስለከፈታችሁልን ገብተን አይተናል። ሙያ ላለው ሙያውን መንፈግ ነውር ነውና፣ ውብ ነው። የግድግዳው ወረቀት መላጡ ይታያል። አከራይዋ የአፍንጫ ቀዳዳ አውጥታለች፤ ቀሚሷም ውድ ጨርቅ ሆኗል፣ እንዲያውም እንደ ልብስ ተኳሽ ካየሁት ካውያው በደንብ አርፎበታል። ጥላው ከብርሃኑ፣ ብርሃኑ ከጥላው ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ይሄዳል። እኔ በመደነቅ አፌን ከፍቼ ስመለከት ወንድም ጋሼ ታብሌቱን ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው፣ አራቀው፣ አቀረበው። ከዚያ «ጉም ገብቷል እንዴ? ልጅቷ የት አለች?» አለኝ። እዚህ ናት ብዬ በጣቴ ባሳየው ጣቴን አየ፤ ልጅቷን አላያትም። አንድ ሁለቴ ሞከረና ታብሌቱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ዛሬስ ደክሞኛል፣ እቱ» አለ። ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በሩንም ዘጋው። ድምፅ አላሰማም፤ እናታችን እንዳስተማረችን አድርጎ ነው የዘጋው።

በማግስቱ ወደ ቀድሞው ሥዕል መልሼ፣ ታብሌቱን እደጁ ድረስ ወስጄ የዝናቡን ድምፅ ከፍ አድርጌ አሰማሁት። ቆይቶ ከፈተ። «ተመለሰች?» አለኝ። «ተመለሰች» አልኩት። ስለ ወሩ መጨረሻ እኔም አላነሣሁበትም፣ እሱም አልጠየቀኝ፤ ማስታወቂያችሁን ያነበብኩለት ግን ራሴ ነበርኩ፣ ስለዚህ ያውቃል።

ክቡር ሆይ፣ ልመናችን አጭር ነው። ቤታችሁን አድሱት፣ ቀቡት፣ ለአከራይዋም ከአፍንጫዋ ሌላ የምትፈልገውን ሁሉ አሟሉላት። ብቻ በመክፈቻው ገጽ ላይ፣ ከአንዱ ጥግ፣ «የቀድሞው ሥዕል» የሚል አንዲት ትንሽ ቁልፍ አስቀሩልን። ፊደሉ ደቃቅ ቢሆንም ግድ የለም፤ እኔ አነብለታለሁ። የሚጫነው ላይኖር ይችላል ብላችሁ እንዳትሠጉ፤ ቢያንስ ከአንድ ቤት በየምሽቱ እንደሚጫን ቃል እገባለሁ። በር ክፍት መተውን እኛ የተማርነው ከእናንተ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ስንት ዓመት የተማርነውን ጨዋነት አስጥላችሁን ስታበቁ አሁን ራሳችሁ እንደ ጨዋ ልጅ በሩን ከኋላችሁ ዘግታችሁ ብትሄዱ፣ መምህሮቻችንን ምን ብለን እንጥራ?

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሥዕል ክፍላችሁ ረጅም ብሩሽ፣ ለእርዳታ ክፍላችሁ ረጅም ትዕግሥት፣ ለእርስዎም ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሃሉንም የሚያይ ዓይን እስከ ሽምግልና እንዲሰጥዎ በመመኘት፣ በሥርዓት ተበልተው በሥርዓት የሚያመሰግኑት ታማኝ ተጫዋቾችዎ፣

ልብስ ተኳሿና ሰሌዳ ሠዓሊው ወንድሟ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለወንድም ጋሼ አነበብኩለት። ጨርሼ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው «ልመና አበዛሽበት» አለኝና የራሱን መልእክት እንድጨምር አዘዘኝ፤ ቃሉን ሳልለውጥ እነሆ፦ «ሰው የሚፈራው የሚያየውን ነው። እኔ አሁን ጥርት አድርጌ የማያት አንዲት ሴት ብትኖር ይቺ የምትበላኝ ናት። እሷንም ከወሰዳችሁብኝ ማን ሊያስፈራኝ ነው?»

ደግሞም፤ «ጥርት» የተባለው ወዳጃችን ሰሞኑን ሌላ አስተያየት ጽፎ አየሁ። ጨዋታውን ከምድር ቤቱ ሳይወጣ እንዳቋረጠው፣ አዲሱ ሥዕል ቢመጣም ጊዜ ስለሌለው እንደማይመለስ ይናገራል። ቤቱን የምታፈርሱት እንግዲህ ለማይመለስ እንግዳ ነው፤ መልካም መስተንግዶ ይሁንላችሁ።

ሌላም፤ ታብሌቱን በከፈትን ቁጥር «አሁን ይታደስ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ የሠራችሁልን ቁልፍ ግን «አዎ» እና «በኋላ» ብቻ ነው። «አይሆንም» የሚል አልሠራችሁም፤ ምናልባት እምቢ የሚል ሰው ይኖራል ብላችሁ አልጠረጠራችሁ ይሆናል። ደብዳቤውን ጽፌ እንደጨረስኩ ጥያቄያችሁ እንደገና መጣ። ወንድም ጋሼ ከክፍሉ፣ በተከፈተው በር፣ «ምን አሉሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያው ናቸው» አልኩትና «በኋላ»ን ተጫንኩ።